ከመመረቄ በፊት ያነበብኩት የአንዲት አያት ታሪክ

መጽሐፉ ትራሴ ስር ከገባ ወር ሊሞላው ነበር። የዶርም ጓደኛዬ እህት ከውጭ ስትመጣ ይዛው የመጣች ነው። ጓደኛዬ ሁለት ገጽ አነበበችና "አንቺ ነሽ የአያት ነገር የምትወጂው" ብላ ወረወረችልኝ። እኔም ትራሱ ስር ገፋሁት። ግንቦት ነዋ! የመውጫ ፈተናው በር ላይ ቆሟል። ስንት ዓመት የተማርነውን በአንድ ወንበር ተቀምጠን ልንጠየቅ ነው፤ ሃምሳ ከመቶ ያልሞላለት ዲግሪውን አያይም። የሰው አያት ታሪክ የሚነበብበት ወቅት አልነበረም።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪም ወዲያው ተከተለው። ሞጁሎቼ በሙሉ እዚያው ውስጥ ናቸው። ምን ላድርግ? በስልኬ መብራት መጽሐፉን ገለጥኩት። መብራት ሲመጣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ጓደኞቼ ተንጫጭተው ወደ ጥናታቸው ተመለሱ፤ እኔ አልተመለስኩም።

ይህን የምጽፈው ለተመራቂዎች ነው። በተለይ አያታቸው በሕይወት ላለችላቸው። ፈተናውን አልፌያለሁ፤ ስለዚህ "ጊዜ ያባክናል" የሚለኝ ሰው እዚህ ላይ አፉን ይያዝልኝ።

መጽሐፉ "ዘ ዋይፍስ ቴል" ይባላል። በእኛ አፍ "የሚስቲቱ ታሪክ" ብንለው ያስኬዳል። የጻፈችው አይዳ እደማርያም ናት፤ አዲስ አበባ ያደገች፣ እንግሊዝ አገር ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ የሠራች ጋዜጠኛ። የወጣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ የኦንዳቼ ሽልማትን አገኘ። ይህ ሽልማት የአንድን ቦታ መንፈስ ለሚያመጣ መጽሐፍ የሚሰጥ ነው። ቦታው ደግሞ ጎንደር ነው፤ ከኛ ከባሕር ዳር በሐይቁ ማዶ።

ባለታሪኳ የተመኙ ትባላለች፤ የጸሐፊዋ የአባቷ እናት። አስር ዓመት ሳይሞላት ሃያ ዓመት ለሚበልጣት ቅኔ አዋቂ ካህን ተዳረች። ጣሊያን ሲገባ አየች። ጎንደር በቦምብ ስትደበደብ ከተማዋን ጥላ ወጣች። ጎንደር የጣሊያን የመጨረሻ ምሽግ ስለነበረች ጦርነቱ እዚያ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. አልበረደም። በኋላ ባሏ ታሰረ፤ እሷም አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ እስከ ንጉሡ አቤት አለች። ባሏን ቀበረች፣ ልጆች ቀበረች፣ አብዮት አየች። ዘጠና ዓመት አልፏት ነው የሞተችው።

እንዲህ ሳሳጥረው የትምህርት ቤት የታሪክ መጽሐፍ መሰለብኝ። ስታነቡት ግን ንጉሡም ጦሩም ከሩቅ ነው የሚሰሙት። ቅርብ ያለው ጓዳው ነው። ጾሙ፣ ድግሱ፣ ምጡ፣ የባል ቁጣ፣ የጎረቤት ወሬ። ጊዜውም የሚሄደው በወራት ነው። መስከረም የራሱ ብርሃን አለው፣ ሐምሌ የራሱ ጭቃ። እኛ ቤት ጊዜ የሚቆጠረው እንደዚሁ ነው። አባቴ የተወለደበትን ዓመተ ምሕረት አያቴ አታውቀውም፤ "በፍልሰታ ጾም፣ ኪዳነ ምሕረትን አስቀድሼ ስመለስ ያመመኝ" ትላለች። መታወቂያው ላይ ያለውን ዓመት የቀበሌ ጸሐፊ ነው የፈጠረለት።

ስለ እንግሊዝኛው እውነቱን ልንገራችሁ። የኔ እንግሊዝኛ የኢንጂነሪንግ እንግሊዝኛ ነው። "ቴንሳይል ስትሬንግዝ" ሲሉኝ ይገባኛል፤ ስለ ደመናና ስለ ሐዘን ሲያወሩ ግን ቃል ያጥረኛል። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ገጾች መዝገበ ቃላት ይዤ ነበር የማነበው። አታድርጉት። ያደክማል፤ ደግሞ አያስፈልግም። ከእንግሊዝኛው ስር አማርኛው ይሰማችኋል። ስለ ጠላና ስለ ድግስ በእንግሊዝኛ ስታነቡ መጀመሪያ ያስቃል። ትንሽ ቆይቶ ራሳችሁ ወደ አማርኛ እየመለሳችሁ ማንበብ ትጀምራላችሁ። ያኔ ነው መጽሐፉ የሚከፈትላችሁ። ለንደን ያለው አንባቢ የማይሰማውን ነገር እኛ በነፃ እንሰማለን።

ስሞች ይበዛሉ። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠፍቶብኛል። በመጨረሻ የሞጁሌ ጀርባ ላይ የዘር ሐረግ ሣልኩ፤ እስካሁን "የክር አፈታተል ሁለት" የሚለው ሽፋን ላይ የጎንደር ቤተሰብ አለ። መሐል አካባቢም ቀስ ይላል። እኔ ወደ አርባ ገጽ የሚሆነውን እየታገልኩ ነው ያለፍኩት። ካሰለቻችሁ ዝለሉና ተመለሱ፤ ማንም አይፈትናችሁም።

ታዲያ ምኑ ነው የግሌ የሆነብኝ? የሕይወቷ ክፉና ደግ ከኔ አያት ጋር መመሳሰሉ አንድ ነገር ነው። ከዚያ በላይ ግን ጸሐፊዋ ቁጭ ብላ መስማቷ ነው ያሳፈረኝ። አንዲት የልጅ ልጅ ከአያቷ ጋር ተቀምጣ፣ ሰምታ፣ ደግማ ሰምታ፣ ከባሕር ማዶ ሆና በሰው ቋንቋ ይህን ያህል ጻፈች። እኔ አያቴ ያለችው ዘጌ ነው። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ። ያን ሁሉ የዩኒቨርሲቲ ዘመን ስንት ጊዜ ሄድኩ? ለፋሲካ፣ ለገና፣ አንድ ጊዜ ለለቅሶ። ሄጄም ምን አወራሁ? "ደህና ነሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው?" በቃ።

ፈተናው ባለቀ በሳምንቱ፣ መንገዱ ሰላም ነው ሲሉን፣ ቦርሳዬን አንግቼ ወደ ዘጌ ወረድኩ።

አያቴን እምዬ ነው የምላት። እናቴ ምራት ስለሆነች "አንቱ" ትላታለች፣ ስሟንም አትጠራም። እኔ ግን ከልጅነቴ "አንቺ" ብዬ ነው ያደግኩት፤ ማንም አልከለከለኝም። ዕድሜዋ ሰማንያን አልፏል። ዓይኗ ደከም ብሏል፣ እጇ ግን አልደከመም።

የመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ ከሸፈ። ስልኬን ፊቷ አስቀመጥኩ፣ መቅጃውን ከፈትኩና "እምዬ፣ የሕይወት ታሪክሽን ንገሪኝ" አልኳት። ነጠላዋን አስተካከለች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ የሰንበቴ ማኅበር ፊት የቆመች ይመስል "በመጀመሪያ ለዚህ ያደረሰን አምላክ ይክበር ይመስገን" ብላ ጀመረች። አስራ ሁለት ደቂቃ ስለ እግዚአብሔር ቸርነት፣ ስለ ቅዱስ ዑራኤልና ስለ ዘመኑ ልጆች ልብስ ተናገረች። ስለ ራሷ አንድ ዓረፍተ ነገር አላገኘሁም። "የተወለድሽው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?" ስላት ደግሞ ጭራሽ ተቆጣች። "የቀበሌ ሰው ሆንሽ እንዴ?"

ማታ ተኝቼ መጽሐፉን አሰብኩ። እዚያ ያለው ነገር "የሕይወት ታሪክሽን ንገሪኝ" በሚል ጥያቄ የሚመጣ አይደለም። ያን ቀን ምን ተሠርቶ ነበር? ማን ተጠርቶ ነበር? ቀሚስሽ ምን ዓይነት ነበር? ከእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው የሚመጣው። ከእጅ ሥራ፣ ከዕቃ፣ ከሽታ።

በማግስቱ ስልኩን መሬት ላይ፣ ከበርጩማዋ ስር አደረግኩት። እንደምቀዳ ነገርኳት፤ ተደብቆ መቅዳት ነውር ነው። ግን ዓይኗ ላይ እንዳይሆን አደረግኩ። እሷ ጥጥ ይዛ ነበር። እኔ ደግሞ የተማርኩት ቴክስታይል ኢንጂነሪንግ ነው። "እንዴት እንደምትፈትዪ አሳይኝ" አልኳት።

"ስንት ዓመት ነው የተማርሽው?"

"አምስት።"

"ፈትል?"

"አዎ፣ ፈትልም አለበት።"

"እኔን እናቴ በሰባት ቀን ነው ያስተማረችኝ" አለችና ሳቀች። ከዚያ ወዲያ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ይህን ትንሽ ላብራራው፤ ሙያዬ ስለሆነ ማለፍ አልችልም። ፋብሪካ ውስጥ ጥጥ ክር እስኪሆን ድረስ ከማሽን ማሽን ሲሻገር ይውላል። ፍሬው ይለቀማል፣ ጥጡ ይፍታታል፣ ይበጠራል፣ እንደ ገመድ ወፍሮ ይወጣል፣ ይሳባል፣ ይቀጥናል፣ በመጨረሻ እየተጠመዘዘ ይጠቀለላል። ማሽኖቹ አንድ አዳራሽ ይሞላሉ። እምዬ ዘንድ ያው ሥራ በሙሉ አንድ ሰፌድ ላይ ነው። መጀመሪያ ትዳምጠዋለች፤ ጥጡን ድንጋይ ላይ አድርጋ በብረት ዘንግ ስታንከባልለው ፍሬው ፊጭ ብሎ ይወጣል። ከዚያ በደጋን ትነድፈዋለች። ጅማቱ "እምም፣ እምም" ይላል፤ ጥጡ እንደ አረፋ ይነሳል። አረፋውን ጠቅልላ ባዘቶ ታደርገዋለች። ከዚያ እንዝርት። እንዝርቱን ጭኗ ላይ በመዳፏ ታሽከረክረውና ታንጠለጥለዋለች፤ በሌላው እጇ ባዘቶውን ወደ ላይ ትስበዋለች። ክሩ ከጣቷ መሐል ሲወጣ ዝም ብሎ ከአየር የሚመጣ ይመስላል። መምህራችን ሰሌዳ ላይ ሲያወጣው የከረመው የመሳብና የመጠምዘዝ ስሌት በሙሉ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ መካከል ነበር።

እጇ ሥራ ሲይዝ አፏ ተፈታ።

ቤተሰባችን ውስጥ የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነበር፦ አያታችን የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ልጆቹን በደመወዙ አስተማረ። ፋብሪካው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያን በከፈለው የጦር ካሳ የተሠራ ነው። እኔ የተማርኩበት ተቋም መነሻም እዚያው ሠፈር፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየቶች ዕርዳታ የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ነው። ስለዚህ ቴክስታይል ስመደብ አባቴ ደስ አለው፤ "የአባቴን መንገድ ያዝሽ" አለኝ። የምረቃ መጽሔቱ ላይ የሚወጣውን አጭር ጽሑፌንም በዚሁ ልጀምር አስቤ ነበር። የፋብሪካ የልጅ ልጅ ምናምን።

እምዬ ባዘቶዋን እየሳበች፣ ቀና ሳትል፣ "ደመወዙማ ሐይቁን አይሻገርም ነበር" አለች።

ለምን እንደማይሻገር ነግራኛለች። ያን ስትነግረኝ ግን ስልኩን አስዘግታኝ ነው። ስለዚህ እዚህም ይዘጋ።

አባቴንና አክስቶቼን ያስተማረው ጌሾ ነው። ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም፤ ከጥንት አባቶች የወረደ ቃል ነው ይባላል። ሰው የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። እምዬ ጌሾውን ትቆርጣለች፣ ታደርቃለች፣ ትጠርዛለች። አርብ ሌሊት ዶሮ ሲጮህ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ ትጭንና ለቅዳሜ ገበያ ባሕር ዳር ትደርሳለች። አባቴ ያኔ ባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ ሁለተኛ ደረጃ ይማራል። ዘመኑ ደርግ ነው። የቤት ኪራዩ፣ ደብተሩ፣ ጫማው ሁሉ ከዚያ ከተጠረዘው ቅጠል ይወጣል።

"ታንኳ ውኃ ይጠጣል" አለችኝ። "ደንገል አይደል? ሲከርም እየከበደ ይሄዳል። ፀሐይ ላይ አውጥተው ካላደረቁት እንደ ሰካራም ሰው ነው፣ አይታዘዝም።"

አንድ ቅዳሜ ታንኳው አልደረቀም ነበር። ቀዛፊው ቸኩሏል፣ እሷም ቸኩላለች፤ የኪራይ ቀን ነው። መሐል ላይ ነፋስ ተነሳ። ውኃው ጠርዙን አልፎ ገባ። እሷ ጌሾውን በጉልበቷ ተጭና ይዛዋለች። ቀዛፊው "ጣይው!" ይላታል። "አልጥልም!" ትላለች። "እሜቴ፣ ወይ ጌሾው ወይ እኛ!" አላት። ግማሹን ጣለችው። ማሰሪያው ተፈታና ቅጠሉ ከኋላቸው አረንጓዴ ሆኖ ተንሳፈፈ፤ እስከ ሩቅ ድረስ መንገድ ሠራ። ቀዛፊው ዞር ብሎ አየውና "በሉ እንግዲህ፣ ጣና ዛሬ ጠላ ሊጠምቅ ነው" አላት።

እምዬ ይህን ስትነግረኝ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ የመጣብኝ ሌላ ነበር። ሳቋን አይቼ ያዝ አደረግኩት።

"ከዚያስ? ኪራዩን እንዴት ከፈልሽ?"

"ግማሹን ከፈልኩ። ለግማሹ ድሪዬን አስያዝኩ።"

"መልሰሽ ወሰድሽው?"

እንዝርቱን ጭኗ ላይ መታ አድርጋ አሽከረከረች። "ክር ተበጠሰ" አለች። አልተበጠሰም ነበር።

እንግዲህ መጽሐፉን የግሌ ያደረገው ይህ ነው። ጎንደር ላይ አንዲት ሴት ባሏን ልታስፈታ አዲስ አበባ ወጣች። ዘጌ ላይ አንዲት ሴት የልጇን ኪራይ ልትከፍል ግማሽ ጌሾ ጣና ውስጥ ጣለች። አንደኛዋ ተጽፋ ሽልማት አገኘች። ሁለተኛዋን የገዛ ልጇ እንኳ አያውቃትም፤ አባቴ ስለ ታንኳው ቀን ምንም አልሰማም። ሌላው ቀርቶ "ፋብሪካው አስተማረን" እያለ ነው ጡረታ የወጣው።

እንዴት እንደምትጠይቁ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ብዙ አይደለም፤ በስህተት የተገኘ ነው።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ። በዓልና ክስተት ጠይቁ። "ንጉሡ ባሕር ዳር ሲመጡ አባቴ ተወልዶ ነበር ወይስ ገና ነው?" "ዕድገት በኅብረት የመጡት ተማሪዎች የት ነበር ያረፉት?" "በሰባ ሰባቱ ድርቅ እዚህ ምን ተበላ?" ዓመቱን በኋላ እናንተ ታሰሉታላችሁ፤ ለምን ተማራችሁ?

እጃቸው ሥራ የያዘበትን ሰዓት ምረጡ። ቡና ሲለቀም፣ ሽሮ ሲነፋ፣ ጥጥ ሲፈተል። ወንድ አያት ከሆነ ደግሞ አጥር ሲያጥር፣ መረብ ሲጠግን። ፊት ለፊት አትቀመጡ፤ ጎን ሆናችሁ አብራችሁ ሥሩ። እኔ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጥጥ ዳምጬ መዳፌ አብጧል።

ቅጂውን በዚያው ቀን ሌላ ቦታ ገልብጡት። እኔ አላደረግኩም። በሦስተኛው ቀን ስልኬ "ቦታ ሞልቷል" ብሎ አርባ ደቂቃ የሚሆነውን ሳይቀዳ ቀረ። እናቷ ጣሊያን ሲመጣ ደን ውስጥ የተደበቀችበት ታሪክ ነበር። ደግማ ነገረችኝ፤ ግን ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው አይደለም። መጀመሪያ ስትነግረኝ የእናቷን ድምፅ አስመስላ ነበር። ሁለተኛው ላይ አላስመሰለችም። አሁንም ሳስበው ያበሳጨኛል፤ ስልኩ ውስጥ ቦታውን የያዙት የምረቃ ልብስ ስንመርጥ የተነሳናቸው ፎቶዎች ነበሩ።

አንድ ሌላ ነገር። የሚዘጋ ነገር ሲኖር ዝጉ። የሰሙትን ሁሉ ማውጣት ጀግንነት አይመስለኝም። እምዬ "ይሄን ጻፊው"፣ "ይሄን ተዪው" እያለች መርጣልኛለች። "ተዪው" ያለችውን ደብተሬ ላይም አልጻፍኩትም።

መጽሐፉንም አነበብኩላት፤ ማለቴ በአማርኛ እየመለስኩ ነገርኳት። ስለ የተመኙ ስትሰማ የዘመድ ወሬ የሰማች ነው የምትመስለው። "አስር ዓመት ሳይሞላት? ምነው እናቷ!" አለች። እሷ ራሷ በአስራ ሦስት ዓመቷ ነው የተዳረችው፤ ያንን ስነግራት "የኔማ ደህና ነው" አለች። የየተመኙ ባል የታሰረበት ላይ ስደርስ እምዬ ፈትሏን አስቀመጠች። አዲስ አበባ ሄዳ አቤት ማለቷን ስነግራት ብዙ ዝም አለች። ከዚያ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ "ልጆቹን ለማን ትታ ሄደች?" ለፈተና ተዘጋጅቼ የማውቅ ልጅ መልስ አጣሁ። ተመልሼ ያንን ምዕራፍ እንደ አዲስ አነበብኩት። የመጀመሪያ ጊዜ ሳነበው ንጉሡን ነበር የምፈልገው።

ድግሱ ጋ ስንደርስ ደግሞ "ጎንደሮች ጌሾውን ከየት ነው የሚያመጡት?" አለች።

"እኔ እንጃ እምዬ፣ አልተጻፈም።"

"ከኛ ነዋ! ከየት ሊያመጡ?" ብላ ነገሩን ዘጋችው። በእምዬ ቤት መጽሐፉ ታርሟል።

አባቴን የነገርኩት ከዘጌ በተመለስኩ ማታ ነው። የታንኳውን ቅጂ ብቻ አሰማሁት፤ የተፈቀደልኝን። ራት ላይ ነበርን። ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። "ጣና ዛሬ ጠላ ሊጠምቅ ነው" የሚለው ላይ እናቴና ታናሽ ወንድሜ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። ሲያልቅ "ድሪዋን አውቀዋለሁ" አለ። "አንገቷ ላይ ነበር። ከዚያ አልነበረም። ጠፋ ብላ ነው የነገረችን።" ተነስቶ እጁን ታጠበ። በማግስቱ ጠዋት ሥራ እንዳለው ሰው ማልዶ ወጣ፤ ወደ ጀልባው መናኸሪያ እንደሄደ የሰማሁት ከሰዓት በኋላ ነው።

የምረቃ መጽሔቱ ላይ የሚወጣውን ጽሑፌን ቀየርኩት። "የፋብሪካ" የሚለውን አውጥቼ "የጌሾ" አልኩ። ከማተሚያ ቤት የደወለልኝ ልጅ የፊደል ስህተት መስሎት ሊያርመው ነበር።

መጽሐፉን ለጓደኛዬ መልሻለሁ። አሁን እሷ እያነበበችው ነው፤ አያቷ ደብረ ታቦር ናቸው። ማግኘት ለሚቸገር፦ ውጭ ዘመድ ያለው ያስልክ፣ ወይም ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ቅጂ አስመጡና ተዘዋወሩበት። ከመመረቃችሁ በፊት ብትጀምሩት ጥሩ ነው፤ ከምረቃ በኋላ ያለው ክረምት ሥራ በመፈለግ ያልቃል፤ እኔ እያየሁት ነው።

ከዘጌ ስመለስ እምዬ አንድ ልቃቂት ሰጥታኝ ነበር። ያን ቀን፣ ታንኳውን እየነገረችኝ የፈተለችው ነው። ለቤተ ሙከራው ቴክኒሺያን ወሰድኩለት። ሳቀብኝ፤ ግን እምቢ አላለም። የክር ውፍረትና ቅጥነት የሚለካው መሣሪያ ላይ አሳለፍነው። እንደ ልብ ምርመራ ወረቀት የሚወጣና የሚወርድ መስመር ያወጣል። ረጅሙ ክፍል ተስተካክሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ድንገት ሦስት አራት ቦታ ላይ መስመሩ ይነሳል። ክሩ እዚያ ወፍሯል። ቴክኒሺያኑ "ለፋብሪካ ቢሆን ውድቅ ነው" አለኝ።

ማታ ደወልኩላት።

"እሺ፣ ማሽኑ ምን አለ?"

"ጥሩ ነው አለ። ግን አንዳንድ ቦታ ይወፍራል።"

"የት ላይ?"

"ወደ መጨረሻው አካባቢ።"

ትንሽ ዝም አለች። ከኋላዋ ዶሮዎቹ ይሰሙኛል።

"እሱማ" አለች፣ "ድሪውን የጠየቅሽኝ ጊዜ ነው።"